ዕጢን ደም የሚነሱ ዕፅዋት

ጠጣር የካንሰር ዕጢ ያለ ደም አያድግም። ገና ጥቂት ሕዋሳት ሆኖ ሲጀምር ኦክስጅኑም ምግቡም ከአጠገቡ ካለው ኅብረ ሕዋስ እየሰረገለት ይቆያል። ስፋቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ግን መሀል ላይ ያሉት ሕዋሳት መታፈን ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ዕጢው ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ የራሱን የደም ሥር ያበቅላል። የሚያበቅለው ኬሚካላዊ መልእክት ወደ አካባቢው በመልቀቅ ነው፤ መልእክቱ የደረሳቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ቅርንጫፍ እያወጡ ወደ ዕጢው ያመራሉ። ዕጢን በዚህ በኩል ለማጥቃት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል መከልከል ነው፤ ሌላው የበቀለውን ማፍረስ። ከዕፅዋት የተገኙ ውሕዶች በሁለቱም መንገድ ተሞክረዋል። ታሪካቸው ግን ከንድፈ ሐሳቡ ይቀድማል፤ አንዳንድ ዕፅዋት በዕጢ የደም ሥር ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በዓይን ከታየ በኋላ ምንነቱ በቅጡ እስኪታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ታሪክ ቀዳሚው ኮልቺኩም የተባለው የአውሮፓ ተክል ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ ከመሬት በታች ድቡልቡል ሥር አለው። መርዛማ ቢሆንም በጥቂቱ ሲወሰድ ሪህ እንደሚያስታግስ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ1820 ፓሪስ ውስጥ ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ኬሚስቶች የመርዙን ምንጭ ከተክሉ ለይተው አወጡ፤ ይህ ውሕድ ኋላ ኮልቺሲን ተብሏል። በ1930ዎቹ ደግሞ ብራስልስ ላይ አልበር ፒየር ዱስታን ኮልቺሲን ሕዋስን በመከፈል ላይ ሳለ ይዞ እንደሚያቆመው አሳየ። ካንሰር ያለ ልክ የሚከፈል ሕዋስ ነውና የካንሰር ተመራማሪዎች ወዲያው ወደ ኮልቺሲን ዞሩ።

በ1937 ለንደን ውስጥ ኤሪክ ቦይላንድና ማርጋሬት ቦይላንድ ዕጢ ላለባቸው አይጦች ኮልቺሲን ሲሰጡ ያዩት ነገር ከሕዋስ ክፍፍል ጋር ብቻ የሚያያዝ አልነበረም። መርፌው ከተሰጠ ከሰዓታት በኋላ ዕጢው ከውስጥ ደም ይፈስሰውና ይጠቁር ነበር። ክፍፍሉ የታገደ ሕዋስ ቀስ እያለ ይሞታል፤ የደም መፍሰስ ግን የፈነዳ ወይም የተዘጋ የደም ሥር ምልክት ነው። ምልከታው ትክክል ነበር፤ ለመድኃኒትነት ግን አልበቃም። ዕጢውን የሚጎዳው መጠን እንስሳውን ከሚገድለው መጠን ብዙም አይርቅም ነበርና። ኮልቺሲን ወደ ሪህ ሕክምናው ተመለሰ፤ በዕጢው ላይ የታየው ደም መፍሰስም በመጽሔቶች ገጽ ላይ ተመዝግቦ ቀረ።

ሁለተኛው ተክል በሰሜን አሜሪካ ጫካ ውስጥ የሚበቅለው ፖዶፊሉም ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሥሩን ለሆድ ማስቀመጫና ለኪንታሮት ይጠቀሙበት ነበር። በ1942 ከሥሩ የሚገኘው ሙጫ በብልት አካባቢ የሚወጣን ኪንታሮት እንደሚያጠፋ ተዘገበ፤ በ1946 ደግሞ በሕዋስ ላይ የሚያሳየው ጠባይ ከኮልቺሲን ጋር እንደሚመሳሰል ታወቀ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆናታን ሃርትዌል የሙጫውን ውሕዶች አንድ በአንድ መለየት ያዘ። ይህ ሰው ኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይይዛል።

በዚያው ተቋም ግሌን አልጃየር የተባለ ተመራማሪ የዕጢን የደም ሥር በሕይወት እያለ ለማየት የሚያስችል ዘዴ ሠርቶ ነበር። የአይጧ የጀርባ ቆዳ እጥፍ ይደረግና በሁለት ወገን በቀጭን ክፈፍ ይያዛል። ከእጥፉ አንዱ ገጽ ይነሣና በቦታው ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ይገባል። በመስታወቱ ሥር ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት ይተከላሉ። ከዚያ በኋላ አይጧ ሳትታረድ፣ ሳትቆረጥ፣ በየቀኑ ማይክሮስኮፕ ሥር እየገባች የደም ሥሮቿ ይታያሉ፣ ይቆጠራሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። አልጃየርና ባልደረባው ቾክሊ በ1945 ባወጡት ጽሑፍ የካንሰር ሕዋስ በተተከለ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ የደም ሥር በዙሪያው እንደሚበቅል፣ የዕጢው ፈጣን እድገትም ከዚያ በኋላ እንደሚመጣ አሳዩ። በ1954 በዚሁ መስታወት በኩል የፖዶፊሉም ውሕዶችን ሲመረምሩ ደግሞ በዕጢው ውስጥ ያለው የደም ፍሰት ሲደክም አዩ። አልጃየር ምክንያቱን በአጠቃላይ የደም ግፊት መውረድ ላይ አደረገው፤ ግፊቱ ሲወርድ ልቅ የሆኑት የዕጢ የደም ሥሮች መቋቋም አይችሉም ማለት ነው። በዘመኑ ከነበረው ዕውቀት አንጻር ይህ አሳማኝ ማብራሪያ ነበር። ትኩረቱን ግን ከደም ሥሩ ግድግዳ ወደ ልብና ወደ ግፊት አዞረው፤ ነገሩም እንደገና ተዳፈነ።

የደም ሥርን የካንሰር ሕክምና ዒላማ ያደረገው ቦስተን ላይ በሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ነው። ፎክማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ተቋም ሲያገለግል ከእንስሳ በወጣና በፈሳሽ በሚመገብ የእንቅርት ዕጢ አካል ውስጥ የካንሰር ሕዋሳት ተክሎ ነበር። ዕጢዎቹ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲደርሱ እድገታቸው ቆመ። አልሞቱም፤ ወደ ሕያው አይጥ ሲመለሱ እንደገና በፍጥነት አደጉ። ልዩነቱ የደም ሥር ነበር። በኅዳር 1971 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ዕጢ ራሱ የደም ሥር የሚጠራ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ፣ ያን ንጥረ ነገር መከልከልም ዕጢውን ባለበት ሊያቆመው እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎች ለዓመታት አልተቀበሉትም። በዕጢ ውስጥ የሚታየው የደም ሥር የቁስለት ውጤት እንጂ ዕጢው የጠራው አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ጸንቶ ነበር።

ሐሳቡ ማደግ የቻለው የሚፈተንበት ቀላል መንገድ ስለተገኘ ጭምር ነው። ከመንገዶቹ በሰፊው የተለመደው በታቀፈ የዶሮ እንቁላል የሚደረገው ነው። እንቁላሉ በሦስተኛው ቀን ገደማ ቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈትለትና በግልጽ ፕላስተር ይሸፈናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጫጩቱ የሚተነፍስበት ስስ ሽፋን በደም ሥር መረብ ይሞላል። የሚፈተነው ውሕድ የተነከረበት፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ክብ ቁራጭ በሽፋኑ ላይ ይቀመጣል። በ48 ሰዓት ውስጥ ውጤቱ ይታያል፤ ውሕዱ የደም ሥር እድገትን የሚያግድ ከሆነ ከቁራጩ ዙሪያ ደም ሥር ያልደረሰበት ነጣ ያለ ክብ ይቀራል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። ከ1970ዎቹ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች በመቶ የሚቆጠሩ የዕፅዋት ጭማቂዎችን በዚህ መንገድ መፈተን የቻሉት ለዚህ ነው። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። በእንቁላል ሽፋን ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ውሕድ አንጀትንም ጉበትንም አያልፍም፤ በሰው አፍ የገባ ውሕድ ግን ሁለቱንም ያልፋል።

በዚህ መሀል የዕፅዋቱ ፍለጋ በሌላ በኩል ተጧጡፎ ነበር። በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከግብርና ሚኒስቴሩ ጋር ተዋውሎ ከመላው ዓለም ዕፅዋት ማሰባሰብ ጀመረ፤ ከሥራው ጀርባ የነበረው ሃርትዌል ነው። ሃርትዌል በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ ለዕጢና ለነቀርሳ ሲሰጡ የኖሩ 3,000 ያህል ዕፅዋትን ከጥንት መዛግብት እየለቀመ ከ1967 እስከ 1971 በተከታታይ አሳትሟል። እስከ 1982 ድረስ 35,000 ያህል የዕፅዋት ናሙናዎች ተሰበሰቡ፤ የተፈተኑት ጭማቂዎችም ከ100,000 በላይ ነበሩ። በ1962 ከዋሽንግተን ግዛት ጫካ የተቆረጠው የአንድ ዛፍ ቅርፊት ኋላ ታክሶል የተባለውን መድኃኒት ሰጥቷል።

ፍለጋው ሰፊ ቢሆንም ለደም ሥር ዓይን አልነበረውም። ጭማቂዎቹ በዋናነት የሚፈተኑት የደም ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይ ነበር። እነዚህ ሕዋሳት በአይጧ ሆድ ውስጥ በፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፉ ናቸው፤ የራሳቸው የደም ሥር ያለው ጠጣር ዕጢ አይሠሩም። ስለዚህ ሕዋስን በቀጥታ የሚገድል ጭማቂ ያልፋል፤ የዕጢን ደም የሚያቋርጥ ብቻ ቢሆን ግን ይጣላል። በሃያ ዓመት ውስጥ በዚህ ምክንያት ምን ያህል ጠቃሚ ዕፅ እንደታለፈ የሚቆጥር የለም። ለዘርፉ ትልቁ ጉዳት ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ናሙና ከተሰበሰበባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ የተወሰደው በአማርኛ አጣጥ ከሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ወገን የሆነ ተክል ነው። ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1972 ከዚህ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ውሕድ ማግኘታቸውን አሳወቁ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘው ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ነው። በመሆኑም ለሙከራ የሚበቃ ውሕድ ለማግኘት ከኬንያ ሺምባ ኮረብቶች የቅርብ ዘመዱ የሆነ ተክል በአሥሮች በሚቆጠር ቶን ተቆርጦ ተጓጓዘ። ሜይታንሲን የሚይዘው ኮልቺሲን የሚይዘውን ያንኑ ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ የሚይዝበት ቦታ ግን ይለያል። ዋና ሥራው የሚከፈልን ሕዋስ መግደል እንጂ የደም ሥርን መዝጋት አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰው ላይ ሲሞከር መርዛማነቱ ስለበዛ ተተወ። ከ30 ዓመት በኋላ ግን የሜይታንሲን ዝርያ የሆነ ውሕድ የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ተመለሰ፤ በየካቲት 2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ መነሻው የሚመረተው ከቁጥቋጦ ሳይሆን በባክቴሪያ እርባታ ነው። ተክሉ ከኢትዮጵያ በወጣበት ዘመን የአገር የዘረመል ሀብትን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ የመጣው በ1992 ነው፤ ኢትዮጵያም በጄኔቲክ ሀብትና በማኅበረሰብ ዕውቀት ላይ ያላትን መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ2006 ነው።

የደም ሥርን ጉዳይ መልሶ ያነሣው ሌላ የአፍሪካ ዛፍ ነው። በደቡብ አፍሪካ በወንዝ ዳር የሚበቅለው ኮምብሬተም ካፍረም በኢትዮጵያ አባሎ ከሚባለው ዛፍ ጋር አንድ ወገን ነው። በአሪዞና ግዛት ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆርጅ ሮበርት ፔቲት በ1970ዎቹ በዚሁ የማሰባሰብ መርሐ ግብር ከተላኩት ናሙናዎች ውስጥ ይህን ዛፍ መረመረ። በ1982 ኮምብሬታስታቲን የተባለውን ውሕድ አገኘ፤ ከዚያም ተከታታይ ወንድማማች ውሕዶችን ለየ። በ1989 የታወቀው ኮምብሬታስታቲን ኤ4 ከሁሉም የበረታ ሆኖ ተገኘ። በብሔራዊ የካንሰር ተቋም ኧርነስት ሃሜል ሥራውን ሲመረምር ውሕዱ ቱቡሊን በተባለው ፕሮቲን ላይ ኮልቺሲን በሚይዘው በዚያው ቦታ እንደሚጣበቅ አረጋገጠ።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ኮልቺሲን ከአውሮፓ፣ የፖዶፊሉሙ ፖዶፊሎቶክሲን ከሰሜን አሜሪካ፣ ኮምብሬታስታቲን ከደቡብ አፍሪካ የመጡ፣ በዝምድና ፍጹም የማይገናኙ ዕፅዋት የሠሯቸው ውሕዶች ናቸው። ሦስቱም ግን በአንድ ጎናቸው ሦስት የሜቶክሲ ቡድኖች ጎን ለጎን የተሰለፉበት አንድ ዓይነት ቀለበት ይዘዋል፤ በቱቡሊን ጎድጓዳ ቦታ የሚገጥመው ይህ ቀለበት ነው። ኮምብሬታስታቲን ኤ4 ከሦስቱ እጅግ ቀላሉ ነው፤ ሁለት ቀለበቶች በአጭር ድልድይ የተያያዙበት ነው፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ሁለቱ ቀለበቶች በድልድዩ አንድ ወገን ሲሆኑ ይሠራል፤ በተቃራኒ ወገን ሲሆኑ ኃይሉን ያጣል። ብርሃን ወደ ማይሠራው ቅርጽ ስለሚለውጠው በቤተ ሙከራ ውስጥ ከብርሃን ተከልሎ ይያዛል። በውሃ የማይሟሟ በመሆኑም ፔቲት በ1995 ፎስፌት ጨምሮበት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አደረገው፤ ፎስፌቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተነጥሎ ይወድቃል።

ውሕዱ የደም ሥርን እንደሚያጠቃ የታወቀው እንግሊዝ ውስጥ ነው። በለንደን አቅራቢያ በሚገኘው ግሬይ ቤተ ሙከራ ጁሊያና ዴኔካምፕ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል መከልከል ብቻ ሳይሆን የበቀለውንም ማጥቃት ይገባል እያለች ትከራከር ነበር። ክርክሯ ቀላል ሒሳብ ነው፤ አንዲት ቀጭን የደም ሥር የምትመግበው በሺህ የሚቆጠር የካንሰር ሕዋስ ነውና እሷ ስትዘጋ ሁሉም ይራባሉ። በ1991 ኒውዚላንድ ኦክላንድ ላይ ብሩስ ባግሊና ባልደረቦቹ ኮልቺሲንና ሌላው የዕፅዋት መድኃኒት ቪንብላስቲን በአይጥ የአንጀት ዕጢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በደም ሥር በኩል የሚመጣ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ። የ1937ቱ ምልከታ ተገቢውን ትርጉም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የግሬይ ቤተ ሙከራው ዴቪድ ቻፕሊን ቱቡሊን የሚይዙ ውሕዶችን በተራ እየፈተነ ከኮልቺሲን የተሻለ ፈለገ፤ ኮምብሬታስታቲን ኤ4ን አገኘ።

ግሬሃም ዳርክና ባልደረቦቹ በ1997 ያወጡት ጽሑፍ ዘርፉን አነቃነቀው። ዕጢ ላለባቸው አይጦች አንድ ጊዜ ብቻ በተሰጠ መርፌ በ6 ሰዓት ውስጥ ደም የሚያልፍበት የዕጢው የደም ሥር መጠን በ93 በመቶ ቀነሰ። ዋናው ነገር መጠኑ ነበር፤ ውጤቱ የታየው እንስሳው ሊቋቋመው ከሚችለው ከአሥር እጅ ባነሰ መጠን ጭምር ነው። ኮልቺሲን ያልቻለው ይህንን ነበር። ጊሊያን ቶዘር ደግሞ በ1999 በአይጥ ዕጢ ውስጥ ያለው የደም ፍሰት በ6 ሰዓት ውስጥ መቶ እጥፍ ያህል እንደሚወርድ፣ በሌላው አካል ላይ ያለው ለውጥ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ እንደሆነ ለካች።

ለምን ዕጢን ብቻ መረጠ? መልሱ የዕጢ የደም ሥር አሠራር ነው። የደም ሥር ከውስጥ በስስ ሕዋሳት የተገበረ ነው፤ ጤነኛው ከውጭ በጡንቻና በደጋፊ ሕዋሳት ይታሰራል። በችኮላ የበቀለው የዕጢ የደም ሥር ግን ድጋፉ የሳሳ ነው፤ የገበሩ ሕዋሳት ጠፍጣፋ ቅርጻቸውን ጠብቀው የሚቆሙት ባመዛኙ በውስጣቸው ባለው የቱቡሊን ዘንግ ነው፤ ጎጆ በማገሩ እንደሚቆም። ኮምብሬታስታቲን ዘንጉን ሲያፈርሰው ሕዋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ተጨማትሮ ይደቦለቦላል። ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ይላላል፤ የደሙ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሾልካል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ይከማቻሉ፤ ጠባቡ መተላለፊያ ይዘጋል። ዕጢው ከመሀሉ ጀምሮ ይሞታል።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ በ1998 በእንግሊዝና በአሜሪካ ተጀመረ። ታማሚዎቹ ሌላ ሕክምና ያልረዳቸው ነበሩ። በክሊቭላንድ ከታከሙት 25 ሰዎች አንዱ አናፕላስቲክ በሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ በሚገድለው የእንቅርት ዕጢ ካንሰር የተያዘ ነበር፤ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በ2002 የታተመው ይህ ውጤት ከፍተኛ ተስፋ አሳደረ። መድኃኒቱ የራሱ መዘዝ ነበረው፤ ዕጢው ባለበት ቦታ ሕመም፣ የደም ግፊት መጨመር፣ በአንዳንዶችም የልብ የደም ሥር መጥበብ። እነዚህ መዘዞች ከተለመዱት የካንሰር መድኃኒቶች የተለዩ ናቸው። ጸጉር አይረግፍም፣ የደም ሕዋስ ብዙም አይወርድም፤ አደጋው ከልብ በኩል ነው።

በዚያው የካንሰር ዓይነት ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ውጤቱ በ2014 ታተመ። 80 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ከኬሞቴራፒ ጋር መድኃኒቱን ያገኙት በመካከለኛ ግምት 5.2 ወር፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ያገኙት 4 ወር ኖሩ። አንድ ዓመት የቆዩት በመጀመሪያው ወገን 26 በመቶ፣ በሁለተኛው 9 በመቶ ነበሩ። አኃዙ ወደ ጥሩ ጎን ያዘነበለ ቢሆንም ታማሚዎቹ ጥቂት በመሆናቸው ልዩነቱ በዕድል የመጣ አይደለም ብሎ መናገር አልተቻለም። በሽታው ብርቅ ስለሆነ የታቀደውን ያህል ታማሚ ማግኘትም አልተቻለም ነበር።

ዋናው እንቅፋት ግን በእንስሳት ላይ ገና ከጅምሩ የታየ ነው። መድኃኒቱ የዕጢውን መሀል ሲገድል ዳር ላይ ስስ ሕያው ቀለበት ይቀራል። ዳሩ የሚመገበው ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ አካል የደም ሥር ነውና መድኃኒቱ አይደርስበትም። ከዚያ ቀለበት ዕጢው እንደገና ያድጋል። በ2006 ደግሞ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ከአጥንት መቅኒ የሚነሡ ሕዋሳት ወደዚያ ቀለበት እየጎረፉ የደም ሥር መልሶ ለመትከል እንደሚያግዙ በአይጥ ላይ ታየ። ስለዚህ አፍራሹን መድኃኒት እድገት ከሚከለክለው ጋር አብሮ መስጠት ምክንያታዊ ሆነ። በ107 የእንቁላል ማኅፀን ካንሰር ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ቤቫሲዙማብ የተባለውን የደም ሥር እድገት ከልካይ ብቻ ያገኙት ካንሰሩ ሳይባባስ 4.8 ወር፣ ሁለቱን ያገኙት 7.3 ወር ቆዩ፤ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ተስፋው አጭር ነበር። ተከትሎ የመጣው ሌላ ሙከራ በመካከሉ ሲገመገም ጥቅም ስላላሳየ በ2017 ተቋረጠ። ከደቡብ አፍሪካው ዛፍ የተነሣው መድኃኒት ለገበያ አልበቃም።

ሌላው መንገድ፣ ማለትም አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል መከልከል፣ ቀድሞ በሌላ ሥራ የታወቁ የዕፅዋት መድኃኒቶችን እንደገና አስመረመረ። ቪንብላስቲን በብዙ አገር ለጌጥ ከሚተከለው የማዳጋስካር አበባ በ1958 የተገኘ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እጅግ በጥቂት መጠን የደም ሥር ገበር ሕዋሳትን እንደሚያግድ ታወቀ፤ ታክሶልም በተመሳሳይ። በየሦስት ሳምንቱ በከፍተኛ መጠን ከመስጠት ይልቅ በጥቂቱ እያከታተሉ መስጠት ለደም ሥር እረፍት አይሰጥም የሚለው የሕክምና ስልት በ2000 አካባቢ የተስፋፋው በእነዚህና በመሰል ሥራዎች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከምግብ ዕፅዋት የተገኙት ውሕዶች ግን ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ ስም ያተረፉ ናቸው። በ1993 ቴዎዶር ፎትሲስና ባልደረቦቹ አኩሪ አተር በብዛት ከሚመገቡ ጤነኛ ሰዎች ሽንት ውስጥ ጄኒስቴይን የተባለውን ውሕድ አግኝተው በቤተ ሙከራ የደም ሥር ሕዋሳትን እድገት እንደሚያግድ አሳዩ። በ1998 ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚን፣ በ1999 ደግሞ አረንጓዴ ሻይ በአይጦች ላይ ተመሳሳይ ውጤት እንዳላቸው ታተመ። በ2004 በኢትዮጵያም የሚበቅለው ግዛዋ ውስጥ ያለው ዊታፌሪን ኤ ተከተለ። እነዚህ ጽሑፎች ሐሰት አይደሉም። ችግሩ በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ የሚፈሰው መጠን በሰው ደም ውስጥ የማይደርስ መሆኑ ነው። አልጫ ወጥን ቢጫ የሚያደርገው እርድ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው፤ በቆሽት ካንሰር የተያዙ ታማሚዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ሲወስዱ እንኳ በደማቸው የተገኘው እጅግ ኢምንት ነበር። አንጀት ጥቂቱን ይቀበላል፤ ጉበት የተቀበለውን ወዲያው ይለውጣል። ጉዳት የሚያመጣም አለ፤ በ2009 በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ዋና ውሕድ ቦርቴዞሚብ የተባለውን የመቅኒ ካንሰር መድኃኒት ይዞ ሥራ እንደሚያስፈታው በቤተ ሙከራና በአይጥ ታይቷል። በሕክምና ላይ ያለ ሰው በእንክብልም ሆነ በዱቄት የሚወስደውን ማንኛውንም ዕፅ ለሐኪሙ መንገር ያለበት ለዚህ ነው።

በ2004 ቤቫሲዙማብ በአሜሪካ ሲፈቀድ የፎክማን ሐሳብ በሕክምና ተረጋገጠ። ቤቫሲዙማብ በሕዋስ እርባታ የሚመረት ፀረ እንግዳ አካል ነው። ተከትለው የመጡት ሶራፌኒብና ሱኒቲኒብ በኬሚስት እጅ የተቀመሙ ናቸው። የዕጢን የደም ሥር ለማጥቃት ተብሎ በአሜሪካ ተፈቅዶ ታማሚ እጅ የገባ ከዕፅዋት የመነጨ መድኃኒት እስካሁን የለም።